ለመሄድ ቀላል፣ ለመቆም ከባድ፦ ባቡርና የእንቅስቃሴ ሕጎች

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በአፋርና በሶማሌ ቆላ ሲያልፍ ከብትና ግመል ሀዲድ ላይ ማግኘቱ የተለመደ ነገር ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የጭነት ባቡር ሹፌር 300 ሜትር ፊት ለፊቱ ግመል ሲያቋርጥ ካየ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ፍሬኑን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ማድረግ የሚችለው ነገር የለም። ፍሬኑ ጤነኛ ነው፣ ሹፌሩም አልዘገየም። ሆኖም ባቡሩ የሚቆመው ግመሉ የነበረበትን ቦታ ሌላ 300 ሜትርና ከዚያም በላይ አልፎ ነው። በዚያው ፍጥነት ደረቅ አስፋልት ላይ የሚሄድ የቤት መኪና ፍሬን ከተረገጠ በኋላ 35 ሜትር ያህል ተጉዞ ቀጥ ይላል።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ አብዛኛው ተማሪ «ባቡር ከባድ ስለሆነ ነዋ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ እውነት ይመስላል፤ ፈተና ላይ ግን ሙሉ ነጥብ አያሰጥም። የአንድ ነገር መጠነ ቁስ ሲበዛ እሱን ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል ይበዛል፤ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ነገር ግን መጠነ ቁሱ ሲበዛ መንገዱን የሚጫንበት ክብደትም በዚያው ልክ ይበዛል፣ በጎማውና በመንገዱ መካከል የሚገኘው የሰበቃ ኃይል ደግሞ በዚሁ ጫና ልክ ያድጋል። የሚፈለገው ኃይል እጥፍ ሲሆን የሚገኘውም እጥፍ ይሆናልና ሁለቱ ይጣፋሉ። ስለዚህ ጎማው መንገዱን መያዝ እስከሚችልበት ጫፍ ድረስ ፍሬን ለሚይዝ ተሽከርካሪ፣ የመቆሚያ ርቀቱን የሚወስነው መጠነ ቁሱ አይደለም።

የሚወስነው ጎማውና መንገዱ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ላስቲክ ደረቅ አስፋልት ላይ ከተሸከመው ክብደት 70 እና 80 በመቶ የሚደርስ የሰበቃ ኃይል ሊያገኝ ይችላል። ብረት በብረት ላይ ሲሆን ግን ሀዲዱ ደረቅና ንጹሕ ሆኖ 30 በመቶ ከተገኘ ጥሩ ነው። ዝናብ ሲያርፍበት ወይም ቅባት ሲነካው ወደ 10 በመቶና ከዚያም በታች ይወርዳል። የባቡር ፍሬን የሚሠራው ከዚህ ገደብ በታች ሆኖ ነው፤ ገደቡን ካለፈ ጎማው መሽከርከሩን ትቶ ይንሸራተታል፣ አንድ ወገኑ ይፋቅና ክብነቱን ያጣል። በዚህ የተነሳ ረጅም የጭነት ባቡር ድንገተኛ ፍሬን ሲይዝ እንኳ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከፍጥነቱ ላይ የሚቀንሰው በሰከንድ ግማሽ ሜትር አይሞላም።

መሐንዲሶች ይህን የሚያዳልጥ ግንኙነት የመረጡት ችግሩን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ባቡርን ባቡር ያደረገው ይኸው ነው፤ በርካሽ የሚያስኬደውና ለመቆም የሚያስቸግረው ምክንያት አንድ ነው። የእንቅስቃሴና የኃይል ትምህርት የሚከብደው ተማሪ ካለ፣ ከመጽሐፉ ቀና ብሎ ይህን ማሽን በደንብ እንዲያየው እመክራለሁ።

ባቡር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አጼ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሀዲድ ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ከጅቡቲ የተነሳው ሀዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በሁለቱ የሀዲድ ብረቶች መካከል የነበረው ስፋት አንድ ሜትር ነበር። አሁን የሚሠራው መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ሲሆን፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የሀዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊሜትር ነው። ሎኮሞቲቩ ነዳጅ አያቃጥልም፤ ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይወስዳል።

ወደ እንቅስቃሴ ሕጎች ስንመለስ፣ ከበሬና ከጋሪ ጋር ያደገ ሰው ከሕይወቱ የተማረው ሕግ «መጎተት ሲቆም እንቅስቃሴም ይቆማል» የሚል ነው። የጥንቱ ግሪካዊ አርስቶትልም እንዲሁ ያምን ነበር፤ ሰው ለሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በዚህ ሐሳብ ቆየ። ጣሊያናዊው ጋሊሊዮ ኳሶችን በተዳፋት ላይ እያንከባለለ ሲያጠና ሌላ ነገር ታየው። የሚንከባለሉበት ነገር እየለሰለሰ በሄደ ቁጥር ኳሱ ይርቃል፤ ታዲያ ፍጹም ለስላሳ፣ ፍጹም ደልዳላ ቢሆንስ? ኳሱን የሚያቆመው ምን አለ? እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ይህን የመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ሕግ አደረገው። የቆመ ነገር እንደቆመ፣ የሚሄድም ነገር በዚያው ፍጥነት በቀጥታ መስመር እንደሄደ ይቀጥላል፤ ይህን የሚለውጠው ከውጭ የሚመጣ፣ ያልተጣፋ ኃይል ብቻ ነው። ኃይል የሚያስፈልገው ለመሄድ ሳይሆን አካሄድን ለመለወጥ ነው ማለት ነው።

ይህን ሕግ መንገድ ላይ ማየት ያስቸግራል፤ ላስቲኩ፣ አስፋልቱ፣ ነፋሱ ሁሉ ይሸፍኑታል። ባቡር ላይ ግን ይታያል። ሹፌሩ ጣቢያው ገና ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩት ሞተሩን ከኃይል ያላቅቀዋል፤ ባቡሩ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይሄዳል። ቁጥር እናስገባበት። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 22 ሜትር ነው። የብረት ጎማ ብረት ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ተቃውሞ ከክብደቱ ሁለት ሺኛ ያህል ቢሆን፣ ባቡሩ ፍጥነቱን የሚያጣው በየሰከንዱ በ2 ሴንቲሜትር በሰከንድ ብቻ ነው። የነፋስን ተቃውሞ ወደ ጎን ብንተው፣ ደልዳላ ሀዲድ ላይ ያለ ሞተርና ያለ ፍሬን 12 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ 19 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ነው የሚቆመው። ነፋስ ይህን ርቀት ያሳጥረዋል፤ ያም ሆኖ አይሱዙን ማርሽ አውጥቶ በራሱ እንዲሄድ የተወ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል።

የዚህ ምሥጢር ያለው ብረቱ ላይ ነው። የጭነት መኪና ጎማ መሬት በነካ ቁጥር ይጨፈለቃል፣ ተመልሶ ይነፋል፤ በእያንዳንዱ ዙር ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጥና ይጠፋል። ረጅም መንገድ የመጣ ተሳቢ ጎማው የሚግለው ለዚህ ነው። የብረት ጎማ ግን እምብዛም አይጨፈለቅም። ብዙ ቶን ተሸክሞ እንኳ ከሀዲዱ ጋር የሚነካካበት ቦታ አንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። 1,000 ቶን የሚመዝን ባቡር ክብደቱ 9.8 ሚሊዮን ኒውተን ነው፤ ይህን ደልዳላ ሀዲድ ላይ በአንድ ፍጥነት ለማስኬድ 20,000 ኒውተን ያህል ይበቃል። ሁለት ቶን ዕቃ ከመሬት ብድግ ለማድረግ የሚያስፈልገው ኃይል እኮ ነው። ያንኑ ጭነት በከባድ መኪኖች አስፋልት ላይ እናመላልስ ቢባል የሚጠይቀው ኃይል አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ሀዲዱ ይህን ያህል የሚያዳልጥ ከሆነ ሎኮሞቲቩ በምን ተነስቶ ይሄዳል? መልሱ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ነው። ሞተሩ ጎማውን ሲያዞረው ጎማው ሀዲዱን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ሀዲዱ ደግሞ ጎማውን በእኩል ኃይል ወደ ፊት ይገፋል። ባቡሩን የሚያስኬደው ይህ የሀዲዱ ግፊት ነው። ሞተሩ የቱንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን ሀዲዱ መልሶ መግፋት ካልቻለ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል እንጂ ባቡሩ አይነቃነቅም።

ለዚህ ነው ሎኮሞቲቭ ሆን ተብሎ ከባድ ተደርጎ የሚሠራው። አውሮፕላን ሠሪ እያንዳንዱን ኪሎ ለመቀነስ ሲጨነቅ፣ ሎኮሞቲቭ ሠሪ ክብደቱን ይፈልገዋል፤ ያለ ጫና ሰበቃ የለምና። 130 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ እንውሰድ። ደረቅ ሀዲድ ላይ 30 በመቶ ቢይዝለት ወደ 380,000 ኒውተን መጎተት ይችላል። አሁን እሱን ጨምሮ 3,000 ቶን የሚመዝን ባቡር እንቀጥልለት። ደልዳላ መሬት ላይ የሚፈለገው 60,000 ኒውተን ያህል ስለሆነ ቀላል ነው። ባቡሩ በየ100 ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ሲጀምር ግን የመሬት ስበት የክብደቱን አንድ መቶኛ ወደ ኋላ ይስባል፤ ይህ ብቻውን 294,000 ኒውተን ነው። ድምሩ 350,000 ያልፋል። በእግሩ የሚሄድ ሰው ዳገት መሆኑን እንኳ ልብ የማይለው መንገድ ባቡሩን አቅሙ ጫፍ ላይ ያደርሰዋል።

በዚህ መሃል ዝናብ ቢጀምርስ? የሚይዘው ወደ 10 በመቶ ሲወርድ ሎኮሞቲቩ መጎተት የሚችለው 127,000 ኒውተን ብቻ ይሆናል፤ ጎማው እየጮኸ ባለበት ይሽከረከራል። መፍትሔው አሸዋ ነው። ከጎማዎቹ ፊት በሀዲዱ ቁመት ልክ ወደ ታች የወረዱ ትናንሽ ቱቦዎች አሉ፤ ሹፌሩ ቁልፍ ሲጫን ደረቅ አሸዋ በአየር ግፊት ከጎማው ሥር ይረጫል። በእንፋሎት ዘመን የነበረው ይህ ዘዴ በኮምፒውተር በሚታገዘው በዛሬው ሎኮሞቲቭ ላይም አለ። የባቡር ሀዲድ ተራራ ሲያይ ዙሪያውን የሚዞረው፣ ድልድይ የሚሠራለት፣ ዋሻ የሚቆፈርለትም ለዚሁ ነው። ከአስፋልቱ ይልቅ የሀዲዱ ግንባታ ለምን ይህን ያህል ገንዘብ ፈጀ ለሚል ሰው፣ የወጪው ትልቅ ክፍል ዳገትን መሸሻ መሆኑን መንገር ይበቃል።

ወደ ፍሬኑ እንመለስ። ሎኮሞቲቩ ብቻውን ፍሬን ቢይዝ ከኋላው የተቀጠሉት ፉርጎዎች፣ በመጀመሪያው ሕግ መሠረት መንገዳቸውን ቀጥለው ይጫኑታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፉርጎ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል፤ ሁሉንም ደግሞ አንድ ሹፌር ከፊት ሆኖ ማዘዝ አለበት። አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በ1872 እ.ኤ.አ. ያመጣው የአየር ፍሬን እስከ ዛሬ የሚሠራበት ሐሳብ ነው። ከሎኮሞቲቩ እስከ መጨረሻው ፉርጎ አንድ የአየር ቱቦ ይዘልቃል። ኮምፕሬሰሩ አየር ሲሞላው ፍሬኖቹ ይለቃሉ፤ ግፊቱ ሲቀንስ እያንዳንዱ ፉርጎ በራሱ ታንከር ያጠራቀመው አየር ፍሬኑን ያስይዛል። ፉርጎ ቢበጠስና ቱቦው ቢቀደድ አየሩ ይወጣል፣ የተበጠሰውም የቀረውም በየራሱ ይቆማል። ሲበላሽ ወደ አደጋ ሳይሆን ወደ ደኅንነት የሚያደላ አሠራር ነውና ከሰው ልጅ የምሕንድስና ሥራዎች ሁሉ እጅግ ከማደንቃቸው አንዱ ነው። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ረጅም ባቡር ላይ የግፊቱ ለውጥ የመጨረሻው ፉርጎ እስኪደርስ ሰከንዶች ይፈጃል። በሰከንድ 22 ሜትር ለሚሄድ ባቡር እያንዳንዱ ሰከንድ ዋጋ አለው።

ግመሉን ሳንረሳ፣ ተማሪዎችን ዘወትር የሚያሳስት አንድ ነጥብ አለ። ባቡርና ግመል ሲጋጩ ማን በማን ላይ የበለጠ ኃይል ያሳርፋል? ሁሉም «ባቡሩ» ይላል። ሦስተኛው ሕግ ግን እኩል ናቸው ይላል፤ ባቡሩ ግመሉን በገፋበት ልክ ግመሉ ባቡሩን ይገፋዋል። የሚለያየው ውጤቱ ነው፤ እሱን የሚነግረን ሁለተኛው ሕግ ነው። በየሰከንዱ የሚኖረው የፍጥነት ለውጥ የሚገኘው ኃይሉን ለመጠነ ቁሱ በማካፈል ነው። 500 ኪሎ የሚመዝን ግመል በቅጽበት ከዜሮ ወደ 22 ሜትር በሰከንድ ሲወረወር፣ መጠነ ቁሱ የእሱን 6,000 እጥፍ የሆነው የ3,000 ቶን ባቡር ከፍጥነቱ የሚያጣው በሰከንድ 4 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። አንድ ዓይነት ኃይል አንዱን ገደለው፣ ሌላው ውስጥ ግን የሻይ ብርጭቆ አልተነቃነቀም። አርብቶ አደሩ ንብረቱን ያጣበትን ይህን ጉዳይ በሹፌሩ ቸልተኝነት ብቻ ማየት ስህተት ነው፤ የሚያዋጣው አጥርና የከብት መሻገሪያ ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ቀጥታ መስመር ነው። ኩርባ ላይ ነገሩ ይከፋል። መኪና ሲታጠፍ ወደ ውጭ የሚወረውረን ኃይል ያለ ይመስለናል፤ የለም። ሰውነታችን በቀጥታ ሊሄድ ሲል መኪናው ከሥሩ ይታጠፍበታል። ለመታጠፍ ወደ ኩርባው ውስጥ የሚገፋ ኃይል የግድ ያስፈልጋል፤ ለባቡር ይህን ኃይል የሚሰጠው ሀዲዱ ነው። 50 ቶን የሚመዝን ፉርጎ 300 ሜትር ሬዲየስ ያለው ኩርባ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲታጠፍ 20,000 ኒውተን ያህል ይፈልጋል። ፍጥነቱን ወደ 80 ብናሳድገው የሚፈለገው ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፣ 82,000 ኒውተን ይሆናል፤ ቀመሩ ውስጥ ያለው የፍጥነቱ ካሬ ነውና።

ጎማውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ አለመሆኑን ያስተውላል። ከሀዲዱ ጋር የሚነካካው ገጹ ወደ ውጭ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ግራና ቀኙ ጎማ ደግሞ ከአንድ አክሰል ጋር ተጣብቆ አብሮ ይዞራል። ባቡሩ ኩርባ ሲገባ አክሰሉ ጥቂት ወደ ውጭ ይሸሻል። ያኔ የውጩ ጎማ በወፍራም ወገኑ፣ የውስጡ በቀጭኑ ይንከባለላሉ፤ የውጩ በአንድ ዙር የበለጠ ርቀት ስለሚሄድ አክሰሉ በራሱ ይታጠፋል። መሪ የሌለው ተሽከርካሪ መንገዱን የሚከተለው እንዲህ ነው። ጎማው በውስጥ በኩል ያለው ወጣ ያለ ጠርዝ ባቡሩን ከመውጣት የሚጠብቀው ይህ ሳይበቃ ሲቀር ነው። ሀዲድ ሠሪዎችም በበኩላቸው ኩርባ ላይ የውጩን ሀዲድ ከውስጡ ከፍ ያደርጉታል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን የሚሠራው ለተወሰነ ፍጥነት ነው።

በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ የደረሰውን አገር ያስታውሰዋል። በአሮጌው መስመር ይጓዝ የነበረ የሕዝብ ባቡር ገደሉ ላይ ወደተሠራው ድልድይ የሚያስገባውን ኩርባ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባ። ከሀዲዱ ወጣ፣ ከአምስቱ ፉርጎዎች አራቱ ገደል ገቡ፣ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት የሚቆጠር ነው። ሀዲዱ ፉርጎውን የሚገፋው ከታች፣ ጎማው ላይ ነው፤ የፉርጎው የክብደት ማዕከል ግን ከላይ ነው። ከታች ያለው ሲታጠፍ ከላይ ያለው በቀጥታ ልሂድ ይላል፤ ፍጥነቱ ሲበዛና የሀዲዱ ስፋት ጠባብ ሲሆን ፉርጎው ይገለበጣል። የፍጥነት ካሬ የሚባለውን ነገር ለፈተና ብቻ ለሚሸመድድ ተማሪ ይህን ታሪክ ብነግረው እመርጣለሁ። ኩርባ ዳር የሚተከለው የፍጥነት ገደብ ምልክት የስሌት ውጤት ነው።

ከአዲስ አበባ የተነሳ ባቡር ከ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወርዶ ባሕር ጠረፍ ይደርሳል። 1,000 ቶን ከዚህ ከፍታ ሲወርድ የመሬት ስበት የሚሰጠው ጉልበት 22 ቢሊዮን ጁል፣ በኤሌክትሪክ ቆጣሪ ቋንቋ ከ6,000 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው። ከፊሉን የመንከባለሉና የነፋሱ ተቃውሞ ይወስደዋል፤ የተረፈውን በአሮጌው ዘመን ፍሬን እየፋቀ ወደ ሙቀት ይለውጠው ነበር፤ ቁልቁለቱ ሲረዝም ፍሬኑ እስኪግል ድረስ። የዛሬ ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ሌላ መንገድ አለው። ሞተሩ ጎማውን ማዞሩን ትቶ ጎማው ሞተሩን እንዲያዞረው ይደረጋል፤ ያኔ ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆናል፣ ባቡሩን እየያዘ ያመነጨውን ኤሌክትሪክ ወደ ሽቦው ይመልሳል።

አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ይህን ትምህርት በገዛ እጁ መለካት ይችላል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ጥሩ ቤተ ሙከራ ነው። ግማሽ ሜትር ክር ላይ ቁልፍ አስሮ ከመያዣው ብረት ላይ ማንጠልጠልና ባቡሩ ሲነሳ ማየት ነው። ቁልፉ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ ባቡሩ ፍጥነቱን እስከጨመረ ድረስም እዚያው ዘንበል ብሎ ይቆያል። ከመሃል 5 ሴንቲሜትር ከራቀ ባቡሩ በየሰከንዱ ፍጥነቱን በ1 ሜትር በሰከንድ ገደማ እያሳደገ ነው፤ 2 ተኩል ከሆነ የዚያ ግማሽ። ባቡሩ በአንድ ፍጥነት ሲጓዝ፣ የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ ክሩ ልክ በቆመ ባቡር ውስጥ እንዳለ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት፣ ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ያዘነብላል። ጓደኛ አብሮ ካለ አንዱ ክሩን፣ ሌላው በስልክ ሰዓቱን ይዞ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ያለውን ጉዞ በየሁለት ሰከንዱ መመዝገብና ቤት ገብቶ የፍጥነቱን ግራፍ መሥራት ይቻላል።